ያደረሰውስ ፈረስ?

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በመሣሪያው ለሚመካ፣ በዘመዱ ወይም በገንዘቡ ተማምኖ የራሱን ድርሻ ለሚዘነጋ ሰው ነው። ፈረስህ ጥሩ ነው፤ ከጦሩ ሜዳ ያደርስሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ያንተ ፋንታ ነው ማለት ነው። ምክሩ ደግ ነው። ይሁንና ተረቱ ሰውየውን ብቻ እያየ ስለሚናገር አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። ፈረሱ አደረሰ። ሰውየው ተዋጋ፤ ድል አደረገ ወይም ሞተ፤ ስሙ ተነሣ፤ ሐውልት ቆመለት ወይም ተለቀሰለት። ያደረሰውስ? አድርሶ ለጨረሰ ፍጡር ምን ይገባዋል?

ጥያቄው የባለጋሪና የባለፈረስ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ የደረስኩበት ግን በሥዕል በኩል ነው፤ ያውም ከአገራችን ርቆ፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ አውሮፓ ውስጥ በብርዕና በቀለም በተሠሩ የፈረስ ሥዕሎች በኩል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ዘመን “ባሮክ” ይሉታል። በጥቅሉ 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብንል ብዙ አንስትም። ዘመኑን ወደ እኛ ለማቅረብ ያህል፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት በ1636 እ.ኤ.አ. ሬምብራንት አምስተርዳም ውስጥ የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበረ፤ ሩበንስ ደግሞ አንትወርፕ ውስጥ ሊሞት አራት ዓመት ቀርቶት ነበር። እዚህ የግንቡ ድንጋይ ሲጠረብ እነዚያ ሰዎች ወረቀት ላይ ፈረስ ይሥሉ ነበር ማለት ነው።

ብርዕና ቀለም ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቁም። በከሰል የሚሥል ሰው ሲሳሳት በጣቱ ያብሰዋል፤ በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ደርቦ ይሸፍነዋል። ቀለም የጠጣ ብርዕ ወረቀት ላይ አንዴ ካረፈ ግን አረፈ ነው። ይህን የቤተ ክህነት ጸሐፊዎቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል አብላልተው ባዘጋጁት ጥቁር ቀለም፣ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ ሲጽፉ፣ የተሳሳተ ፊደል የሚወጣው ተፍቆ ነው። የአውሮፓውያኑም ቡናማ ቀለም አንደኛው ዓይነት ከምድጃ ጥላሸት የሚዘጋጅ ነበር። ፈረስ ደግሞ፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ “ቁም ልሣልህ” ቢሉት አይቆምም። ዝንብ ያባርራል፤ እግሩን ይለዋውጣል፤ አንገቱን ይወረውራል። የሚንቀሳቀስን እንስሳ በማይሰረዝ ቀለም ለመሣል የተነሣ ሰው ምን ያደርጋል? የፊት እግሩን አንድ ጊዜ ይሥለዋል፤ እግሩ ሲነሣ ሌላ መሥመር ይደርባል፤ ሦስተኛም ይጨምራል። የመጀመሪያው መሥመር ከሥር እንደ ጥላ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የምናየው ፈረሱን ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ፈረሱን ስንት ጊዜ ቀና ብሎ እንዳየውም እናያለን።

በዚያ ዘመን ሥዕሎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈረስ አለ። የመጀመሪያው የጌታ ፈረስ ነው። በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ የፊቶቹን አጥፎ አንሥቶ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ ጋማው እየተዘናፈለ ይታያል። ላዩ ላይ ያለው ንጉሥ ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ ምንም ያልደከመው ይመስላል። ይህ አቋቋም ፈረስ ሜዳ ላይ ደስ ሲለው የሚያደርገው ዓይነት መፈንጠዝ አይደለም። በረጅም ሥልጠና የሚገኝ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚጸና፣ የራሱንም የሰውየውንም ክብደት ሁለት የኋላ እግር ላይ የሚጥል ጥበብ ነው። የፈረንሣዩን ንጉሥ ሉዊ 13ኛን ግልቢያ ያስተማረው አንቷን ደ ፕሉቪኔል የጻፈው መጽሐፍ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ክሪስፓይን ደ ፓስ የሠራቸው ሥዕሎች ይህንኑ ትምህርት ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። ትምህርቱ የግልቢያ ብቻ አልነበረም። ፈረሱ ሕዝቡ ነው፤ ፈረሰኛው ንጉሡ ነው፤ ልጓሙ ሥልጣኑ ነው። ፈረሱን ሳይጨነቅ የገራ ንጉሥ ሕዝቡንም ሳይጨነቅ ይገዛል ለማለት ነበር። ቬላስኬዝ የስፔኑን ፊልጶስ 4ኛን በዚህ አቋቋም ሥሎታል። ፒየትሮ ታካ ደግሞ ያንኑ ንጉሥ በነሐስ ሠርቶ ፈረሱን በ1640 እ.ኤ.አ. በሁለት እግሩ አቆመው፤ ክብደቱ እንዳይጥለው ጋሊሌዮ ምክር ሰጥቷል ይባላል።

ይህን ፈረስ ለማየት ማድሪድ ድረስ መሄድ አያሻም። አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፈረስ የነዚያ የባሮክ ፈረሶች የልጅ ልጅ ነው። ጀርመናዊ ቀራጭ የሠራው ይህ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ከስፍራው አንሥተው ቀበሩት፤ ከነጻነት በኋላ እንደገና ወጥቶ ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱን ለምን እንደቀበሯቸው ግልጽ ነው፤ የዐድዋ ቂም ነው። ፈረሱ ግን ምን አጠፋ? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለውን ተረት ለፋሽስቶቹ የነገራቸው አልነበረም።

በነገራችን ላይ አውሮፓውያን ሠዓሊዎችም ይህን ተረት የሰሙ አይመስሉም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ፍሎረንስ ውስጥ የጀመረው የአንጊያሪ ጦርነት ሥዕል ከጠፋ በኋላ፣ ሩበንስ ቅጂውን በብርዕና በቀለም አድሶ የሠራበት ወረቀት ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሰዎቹ ባንዲራ ለመንጠቅ ይናረታሉ። ፈረሶቹ ደግሞ ከበታቻቸው ጥርሳቸውን አግጠው እርስ በርስ ይናከሳሉ። ሥዕሉ ኃይለኛ ነው፤ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ነገር ግን እያደር ሳስበው አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ፈረስ ከፈረስ ጋር በሣር ወይም በባዝራ ይጣላ ይሆናል፤ በባንዲራ ግን ተጣልቶ አያውቅም። ያ ጥላቻ የሰዎቹ ነው። ሠዓሊው የጋላቢውን ቂም ለተጋላቢው አበደረው። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ፈረሱ ሲሞት የምናዝንለት አይሆንም፤ እሱም በራሱ ጠብ የሞተ ወታደር ይመስለናልና። በዚህ ረገድ የኛ ተረት ከታላቁ ሩበንስ ሥዕል የበለጠ እውነት ይዟል ብዬ አምናለሁ።

የኛዎቹ ሠዓሊዎችስ? ፈረሰኛ ቅዱስ በአገራችን ከጎንደር ዘመን በፊትም ነበረ፤ ላሊበላ ውስጥ በቤተ ማርያም መግቢያ ላይ ዘንዶ የሚወጉ ፈረሰኞች ተቀርጸው ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረሱ፣ ያልተሣሉበት ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አሣሣሉን ልብ ብሎ ላየ ሰው ብዙ ነገር አለው። ቅዱሱ ጫማ የለውም፤ እርካቡን የሚይዘው እንደ ጥንቱ የአበሻ ፈረሰኛ በአውራ ጣቱ ነው። ፈረሱ ጌጠኛ ነው፤ ግላሱ፣ ቃጭሉ፣ የልጓሙ ጉትቻ አንድ በአንድ ተሥሏል። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው፣ ሰቃዩም ሆነ ከሃዲው፣ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይታያል። ፈረሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው በጎኑ ነው፤ የምናየው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ቅዱሱን ተሸክሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። ቢሆንም ቅዱሱ እኛን ያየናል፤ እኛም እሱን እናየዋለን። ፈረሱ ግን መንገዱን ያያል። በብዙዎቹ ሥዕሎች ያ አንድ ዓይን ትልቅና ክብ፣ ነጩ የሚታይ፣ ትንሽ የፈራ የሚመስል ዓይን ነው። ሠዓሊው ይህን ያሰበበት ይሁን ወይም ልማድ ይሁን መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ከዘንዶው ይልቅ እዚያ ዓይን ላይ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ።

አንድ የታሪክ አጋጣሚ እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አንቶኒዮ ቴምፔስታ (1555–1630 እ.ኤ.አ.) የሚባል የፍሎረንስ ሰው በዘመኑ በፈረስ ሥዕል ስሙ የገነነ ነበር፤ የየአገሩን የፈረስ ዘር እየለየ ያሳተማቸው ሥዕሎች አውሮፓን አዳርሰዋል። ይኸው ሰው በ1590 አካባቢ ሮም ውስጥ ለታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎቹን አዘጋጅቶ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ገባና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኛ ሠዓሊዎች ከዚያ እያዩ በራሳቸው እጅና በራሳቸው ቀለም የወንጌል ሥዕሎችን ሣሉ። የቴምፔስታ እጅ ጎንደር ዘመን ድረስ መጣ ማለት ነው። የመጣው ግን ከወንጌሉ ጋር እንጂ ከፈረሶቹ ጋር አልነበረም። ፈረስማ ሞልቶን ነበር።

ሞልቶንም ስለነበር ከየትኛውም አገር የማላውቀው አንድ ልማድ አለን፤ የፈረስ ስም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ አሉላ አባ ነጋ፤ መኰንን አባ ቃኘው፤ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እነዚህን ስሞች ሰብስበው በጽሑፍ ባያስቀሩልን ብዙዎቹ ጠፍተው ይቀሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ጌታው የሚጠራው የፈረሱ አባት ተብሎ ነው። ጀግናው በልጁ ስም እንደሚጠራ ወላጅ በፈረሱ ስም ይጠራል። ከዚህ የበለጠ ለእንስሳ የተሰጠ ክብር አለ? ይህን ሳስብ እኮራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ጥርጣሬ ይገባኛል። ስሙ ለፈረሱ ወጣ፤ ጌታው ወሰደው፤ በጌታው ላይ ጸና። ፈረሱ ሲሞት ሌላ ፈረስ መጣ፤ ስሙ ግን ከሰውየው ጋር ቀረ። ዳኘው ዳማ ይሁን አምባላይ፣ የት ሞተ፣ ማን ቀበረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚህ ለየት የሚለው ጎንደር ውስጥ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክብ ሕንጻ ናት፤ የዐፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት እየተባለ ይነገራል። እውነትም ይሁን አፈ ታሪክ፣ ሕዝቡ ለአንድ ፈረስ መቃብር ማሰቡ ራሱ ደስ ይላል።

በአዊም እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ትርኢቱን ሲያሳይ ኖሯል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የሚያስበው በጦርነት የዘመቱትን አባቶች ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶችም ጭምር ነው። ማኅበር ማለት እንግዲህ ዋዛ ነገር አይደለም፤ ደንብ አለው፣ አባል አለው፣ ግዴታ አለው። ይህን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከጌታ ፈረስ ሌላ ሁለተኛ ዓይነት ፈረስ አለ ብያለሁ። እሱ ላዩ ላይ ማንም የሌለው ፈረስ ነው። ይህን ፈረስ ማየት የተጀመረው አንድ ትልቅ ፈላስፋ “እንስሳ እንደ ሰዓት ነው” ባለበት አገርና ዘመን መሆኑ ይገርመኛል። ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ዘዴ በሚናገረው መጽሐፉ፣ እንስሳት ነፍስ እንደሌላቸው፣ እንቅስቃሴያቸው እንደ ማሽን እንቅስቃሴ እንደሆነ አስተማረ። በዚያን ጊዜ ይኖር የነበረው ሆላንድ ውስጥ ነው። ሬምብራንት የሚኖረውም እዚያው ነው። ሠዓሊው ለፈላስፋው በቃል የሰጠው መልስ የለም፤ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ግን የበለዓምን አህያ ሥሎ ነበር። ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። አህያዪቱ መልአኩን አየች፤ ነቢዩ አላየም፤ ስለማያይም መታት። አፏ ሲከፈት የተናገረችው ስለ ሃይማኖት ምሥጢር ሳይሆን ስለ ራሷ ነው፤ እስከ ዛሬ የተሸከምኩህ እኔ አይደለሁም ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። ሰዓት እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ሬምብራንት በ1655 አካባቢ በብርዕና በቡናማ ቀለም የሠራው አንድ ወረቀት ደግሞ አለ፤ ዛሬ የሚገኘው ጀርመን አገር፣ ዳርምሽታት ነው። የሰው አጽም በፈረስ አጽም ላይ ተቀምጧል። ሥጋው አልቋል፤ ኮርቻው፣ ዘውዱ፣ ሠራዊቱ አልቋል። ሰውየው ግን አሁንም ከላይ ነው፤ ፈረሱም አሁንም እንደተሸከመ ነው። ሬምብራንት ቀልዶ ይሁን አዝኖ መሥመሮቹ አይናገሩም፤ ፈጣን ናቸው። እኔን ግን ካየኋቸው የንጉሥ ፈረሶች ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል እንላለን፤ እዚያ ወረቀት ላይ ግን እኩል አላደረገም።

ፓውሉስ ፖተር የሚባለው ሌላው የሆላንድ ሰው በ28 ዓመቱ ተቀጭቷል። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1652፣ አምስት የፈረስ ሥዕሎችን መዳብ ላይ በመርፌ ጭሮ፣ በአሲድ አስበልቶ፣ በቀለም አተመ። መጀመሪያ ያማረው የፍሪስላንድ ፈረስ አለ፤ ከዚያ ሜዳ ላይ የሚያሽካካ፤ ከዚያ ጭራው የተቆረጠ፤ ከዚያ ሁለት የእርሻ ፈረሶች። ከቁንጅና ወደ ሥራ እየወረድን ነው። አምስተኛው ላይ አጥንቱ የወጣ፣ አንገቱን የደፋ ያረጀ ፈረስ ቆሟል፤ አጠገቡ ሌላ ፈረስ ሞቶ ተጋድሟል፤ ውሾች አሉ። ጌታ የለም። የፈረሱ ዕድሜ በሙሉ በአምስት ወረቀት አለቀ። ፖተር ለማስለቀስ የጨመረው ነገር የለም፤ ለመጀመሪያው የሰጠውን ትዕግሥት ለመጨረሻውም ሰጥቶታል። የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሥሏቸዋል።

ይህን አምስተኛ ሥዕል ያየ የአዲስ አበባ ሰው፣ በተለይም የምዕራቡን ዳር የሚያውቅ፣ እንግድነት አይሰማውም። በቀራንዮ፣ በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች በኩል በቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ፈረሶች ቆመው ኖረዋል። ጌታ የላቸውም። አንዱ ያነክሳል፤ አንዱ ጀርባው የኮርቻ ቁስል ነው፤ አንዱ ዓይኑ ፈሷል። መኪና በግራም በቀኝም ሲያልፍ አይደነግጡም። ከመንገዱ መሐል የሚቆሙት የመኪናው ነፋስና ጭስ ዝንብ ስለሚያባርርላቸው ነው ይላሉ አዋቂዎች። ባለመኪናው ጡሩንባ ይነፋል፤ ባለታክሲው ይሳደባል፤ ሁላችንም እናልፋለን። ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳላት ይቆጠራል፤ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ነን። ከዚህ ውስጥ አባ እገሌ የሚያሰኘው ስንቱ ነው? አብዛኛው አጋሰስ ነው። ቃሉንም ተመልከቱት። ጌታ የተቀመጠበት ሲሆን ሰንጋ ፈረስ ነው፣ ስሙ ለጀግና ይሰጣል። ጤፍና አሸዋ ሲሸከም አጋሰስ ይሆንና ስሙ ለስድብ ይሰጣል።

በቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ብዙ ዓመት ጋሪ የነዱ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። የመጨረሻው ፈረሳቸው እግሩ ሲሰበር ምን እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ እኔ እጄን በፈረስ ደም አልነከርኩም” አሉኝ። “ልጓሙን አወለቅሁለት። ‘በል ሂድ፣ እግዜር ያውቅልሃል’ አልኩትና ተመለስኩ።”

“ጅቡስ አባቴ?”

“ጅቡንም የፈጠረው እሱ ነው።”

ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ከማንኛችንም ይልቅ ያሰቡበት እሳቸው ናቸው። ፈረስ አይበላም፤ ስለዚህ አይታረድም። በጥይት መግደል የጌታ ወግ ነው፤ በዱላ መግደል ኃጢአት ነው። ሐኪም መጥራት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ሲመጣ የነበረው በዚያው በተሰበረው እግር ነበር። ስለዚህ የቀረው መንገድ መተው ነው። መተው ደግሞ እጅን ንጹሕ ያደርጋል፤ ቢያንስ ንጹሕ ያስመስላል። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ልጓም ማውለቅ ነጻ ማውጣት ይመስላል። ነገር ግን ሲችል ያልተሰጠው ነጻነት መቆም ሲያቅተው ቢሰጠው ምን ያደርግለታል? ያልገደለ ሰው ሁሉ ያዳነ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በጅብ እየተበላ የሚሞት ፈረስ፣ ሐኪም በመርፌ ካሳረፈው ፈረስ ይልቅ ንጹሕ ሞት ሞተ ማለት ለፈረሱ ሳይሆን ለራሳችን ማሰብ ነው። ሥቃዩን አስረዝመን ነው ኅሊናችንን የምናሳጥበው።

ሰው በሚራብበት አገር ስለ ፈረስ ሞት መጻፍ ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ያንን የንጉሥ ፈረስ እናስታውስ። ሥዕሉን ያሠሩት ሰዎች ፈረሱ ሕዝቡ ነው ሲሉ እንስሳ ስለሚወዱ አልነበረም። ሸክሙን ደስ ብሎት የሚሸከም፣ ድካሙ የማይታይ ፍጡር ማየት ስለፈለጉ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ከፈረስ ላይ አይቆምም። መርካቶ ውስጥ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጠውን ወጣት፣ ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው እንጨት የሚያወርዱትን እናቶች ስናልፍ የምናልፈው በዚያው ዓይን ነው። የሸክሙን መጠን እናያለን እንጂ ጉልበቱን አናይም። ለሰው የሚተርፍ ርኅራኄ ለፈረስ ስናወጣ ያልቃል ብዬ አልፈራም። ከፈረሱ ጀምሮ አለማየት የለመደ ሰው የት ላይ ማየት እንደሚጀምር ግን እጠራጠራለሁ።

ዕዳውም የባለጋሪው ብቻ አይደለም። ቤቴል፣ ቀራንዮ፣ አየር ጤና ሲሠሩ አሸዋው፣ ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ መኪና ከማይገባበት ጭቃ ድረስ የደረሰው በምን ነው? ዱቄቱስ ከወፍጮ ቤት በምን መጣ? ባለጋሪው የሰበሰባትን ሳንቲም ለልጆቹ እራት አውሏታል፤ ቤቱ ግን ለእኛ ቆሟል። በቢሾፍቱ ስፓና የተባለው የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅት ለጋሪ ፈረሶች ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን የኛን አሸዋ የተሸከመ ፈረስ ቁስሉን እንዲያጥብለት ለምን እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ያዋጣል?

ለሽማግሌው የአገውን ማኅበር ነገር አነሣሁባቸው። ሰው ለቀብሩ ዕድር ካለው፣ ለተሸከመው ፈረስስ ከየጭነቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተቀመጠ፣ ሲታመም ሐኪም፣ ሲያረጅ ሣር፣ ሳይድን ሲቀርም መርፌ የሚገዛበት ማኅበር ቢኖርስ አልኳቸው።

“የፈረስ ዕድር!” ብለው ሳቁ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን ጠየቁኝ። “መዋጮው ከማን ነው? ከባለጋሪው ነው ከአስጫኙ?”

“ከአስጫኙ ይሻላል” አልኩ።

“እንግዲያው አንተ ጀምራ። ያ የምትከራየው ቤት ሲሠራ አሸዋውን ያመላለሰው የኔ ቦራ ነው። ሃያ ሰባት ጋሪ።”